ቢላ፣ ባና እና በሶ፦ ጥቂት ይዞ ተራራ ላይ ማደር

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው። የጥንቱን የዱር ሙያ፣ ማለትም እሳት ማውጣትን፣ ገመድ መግመድን፣ መጠለያ መሥራትንና አቅጣጫ ማወቅን፣ ከጥቂት ዘመናዊ ዕቃ ጋር እንዴት እናጣምረው?

ከጓደኞቼ ጋር ለሦስት ቀን መንዝ ጓሳ ልንወጣ ነው። እነሱ ሃያ ኪሎ ሊሸከሙ ተዘጋጅተዋል። የአገሩ እረኛ ግን ገሣውን ደርቦ በዱላ ብቻ ይውላል። ሙያ ካለ ዕቃው ይቅር ማለት ይቻላል? ምን ልተው፣ ምን ልያዝ? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

ይቻላል፤ ግን እረኛው ባዶ እጁን እንዳይመስልዎ። ማታ የሚገባበት ጎጆ፣ የሚነድ ኩበትና የሞቀ ራት ከኋላው አሉ። እርስዎ ሜዳ ላይ ነው የሚያድሩት። ስለዚህ እኛ የምንመክረው መለያ ይህ ነው፦ ሲበላሽ ለማስተካከል ጊዜ የሚሰጥዎትን ነገር በሙያ ይተኩት፤ ጊዜ የማይሰጠውን ግን በዕቃ ይያዙት። ገመድ ቢበጠስ ተቀምጠው ሌላ ይገምዳሉ። በ3,400 ሜትር ከፍታ ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ልብስዎ ከራሰ ግን ሙያ ለመሞከር ጊዜም የሚታዘዝ ጣትም አይኖርዎትም።

በዚህ ስሌት የማይቀነሱት ሙቀት፣ የውሃ ማከሚያ፣ የእሳት መነሻና መብራት ናቸው። የድንኳን ምሰሶና ካስማ፣ ወንበር፣ የማብሰያ ኮተት፣ ሦስት ዓይነት ቢላ ይቅሩ።

ቢላው አንድ ይሁን፤ የማይታጠፍ፣ ስለቱ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ጀርባው 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ብረቱ እስከ እጀታው ጫፍ የዘለቀ። ታጣፊ ቢላ እንጨት ሲሰነጥቁበት ማጠፊያው ይላላል፣ አንዳንዴም በጣት ላይ ይዘጋል። ቢላው ቢጠፋ ድንጋይ ይተካዋል። በአፋር ጎና የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች 2.6 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠሩ ናቸው፤ በኮንሶ ቆዳ የሚፍቁ ሴቶችም የባልጩት መፋቂያ እያበጁ ሲሠሩበት ኖረዋል። ጠንካራ ባልጩት በሌላ ድንጋይ ጠርዙ ላይ ሲመታ የሚወጣው ስስ ፍንካች ገመድም ሥጋም ይቆርጣል። ጥቁሩና እንደ መስታወት የሚያብረቀርቀው ድንጋይ ከሁሉም ይሰላል፤ ነገር ግን ጠርዙ በቀላሉ ስለሚፈረፈር ለምግብ አይጠቀሙበት። ሲመቱም ዓይንዎን ይሸፍኑ።

ከዚያ ባለ 1 ሊትር የብረት ጠርሙስ ወይም ጣሳ ይያዙ፤ ግድግዳው ነጠላ የሆነውን ይምረጡ። ሙቀት የሚይዘው ድርብ ጠርሙስ እሳት ላይ ከተጣደ ሊፈነዳ ይችላል። 2 በ3 ሜትር የሆነ ውሃ የማያስገባ ሸራ፣ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው 15 ሜትር የናይለን ገመድ፣ የራስ ባትሪና ፊሽካ ይጨምሩ።

ምግቡ ላይ አባቶች ቀድመውናል። በሶ፣ ቆሎና ጭኮ እሳት አይፈልጉም፤ ስለዚህ ነዳጅና ድስት ይቀንሳሉ። ለአንድ ሰው ለአንድ ቀን 300 ግራም በሶ፣ 150 ግራም ቆሎና 200 ግራም ጭኮ ቢመደብ ለቀን ጉዞ የሚበቃ ጉልበት አለው። በሶ ግን ውሃ ይፈልጋል፤ ያንን አብረው ያስሉ። እንዲህ ከተዘጋጀ ሸክሙ ምግብና 2 ሊትር ውሃ ጨምሮ 11 ወይም 12 ኪሎ ይሆናል።

አንድ ነገር አጥብቀን እንለምናለን። ጓሳው ማኅበረሰቡ ቄሮ በሚባል የአካባቢው የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ለዘመናት የጠበቀው ነው፤ ሣሩ የሚታጨድበት ወቅትም የታወቀ ነው። ለመኝታ ብለው አንድ እፍኝ እንኳ አይጨዱ። ከመንደር ጭድ ይግዙ።

እንጨት በእንጨት ፈትጌ እሳት ለማውጣት ብዙ ጊዜ ሞከርኩ። ጭስ ይወጣል፣ ፍም ግን የለም። መዳፌ ውኃ ቋጠረ። ስህተቱ የት ነው? (አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

ጭስ ከወጣ ግማሹን መንገድ ሄደዋል። ብዙ ጊዜ ስህተቱ ከጉልበት ሳይሆን ከእንጨቱና ከክፍተቱ ነው።

በመዳፍ የሚሽከረከረው ዘንግ ቀጥ ያለ፣ ከ8 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ይኑረው። በደጋው መንገድ ዳር የሚበቅለው ቀጠጢና በቁሙ ሲደርቅ ግንዱ ለዚህ ተስማሚ ነው። ለታችኛው ጣውላ የቃጫ ተክል ደረቅ የአበባ ግንድ ጥሩ ነው፤ ተሰንጥቆ ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይበቃዋል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ጥፍርዎን ሲጫኑበት ምልክት የሚተው ግን የማይሰባበር እንጨት ይሠራል። ወይራና ጽድ ለማገዶ እንጂ ለዚህ አይሆኑም፤ ወይራው ጠጣር ነው፣ የጽድ ዘይትም ዘንጉን ያንሸራትተዋል።

መጀመሪያ ዘንጉ ጣውላው ላይ ጠቁሮ ክብ ጉድጓድ እስኪያወጣ ድረስ ያሽከርክሩ። ያኔ ያቁሙና ከጣውላው ጠርዝ እስከ ጉድጓዱ መሐል ሊደርስ ምንም እስኪቀረው ድረስ በሽብልቅ ቅርጽ ይቁረጡ፤ ስፋቱ የክቡን አንድ ስምንተኛ ያህል ይሁን። ብናኙ የሚከማቸው እዚያ ነው፤ ፍሙም የሚወለደው ከብናኙ እንጂ ከእንጨቱ አይደለም። ክፍተቱ ከጠበበ ብናኙ ታፍኖ አየር ያጣል፤ ከሰፋ ተበትኖ ይቀዘቅዛል። ከሥሩ ደረቅ ቅጠል ወይም ስስ ቅርፊት ያንጥፉ፤ እርጥብ መሬት ላይ የወደቀ ብናኝ ሙቀቱን ወዲያው ያጣል።

የብናኙ መልክ ሁሉን ይነግርዎታል። ቡናማና ሻካራ ከሆነ ፍጥነቱ ወይም ጫናው አንሷል፤ እንጨቱም እርጥበት ይዞ ይሆናል። ደቃቅና ጥቁር ከሆነ ደርሰዋል። ዘንጉ ሲጮህና ጉድጓዱ ሲያብረቀርቅ ካዩ ተወልውሏል ማለት ነው፤ ጥቂት ደቃቅ አሸዋ ነስንሰው እንደገና ይጀምሩ። ጀማሪ ሁሉ የሚያደርገው ሌላው ስህተት ከመጀመሪያው ሰከንድ ጀምሮ ባለ በሌለ ጉልበት መፍተግ ነው። እንጨቱ እስኪሞቅ በዝግታ ይሂዱ፤ ጭሱ ሲበረታ ነው ጉልበት የሚጨመረው። እጅዎን ሲያቆሙ ብናኙ ብቻውን ማጨሱን ከቀጠለ ፍም አለ። አይጣደፉ፤ ግማሽ ደቂቃ ያህል በእጅዎ እያራገቡ ያጠንክሩት።

ፍሙን የሚያሳድረው ደረቅ ኩበት ነው። ኩበት ነበልባል ሳያወጣ ለረጅም ጊዜ ስለሚጤስ የተፈረፈረ ኩበት መሐል ፍሙን አስገብተው በደረቅ ሣር ጠቅልለው ቢነፉ ይያያዛል።

ይህ ሁሉ ግን በበጋ፣ በደረቅ እንጨት፣ በሞቀ እጅ ነው። በክረምት ወይም ከ3,000 ሜትር በላይ ሲመሽ አይታመኑበት። ኪስዎ ውስጥ ላይተርና ፌሮ ሮድ (በቢላ ሲፋቅ ብልጭታ የሚረጭ ዘንግ) ይኑር። ላይተር ውስጥ ያለው ቡቴን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ መትነን ስለሚያቆም ብርድ ላይ እምቢ ይላል፤ ብብት ሥር ጥቂት ደቂቃ ካቆዩት ይመለሳል። ፌሮ ሮድ ቢርስም ቢበርድም ይሠራል፤ ሰዎች የሚሳሳቱት ፍቂያውን ወደፊት ሲገፉ ማቀጣጠያውን በመበተን ነው። ቢላውን በቦታው አጽንተው ዘንጉን ወደ ራስዎ ይሳቡ። ከቤት ጥጥ በቫዝሊን አሽተው በትንሽ ብልቃጥ ይያዙ። ከእሱ አንዷ ትንሽ ቁራጭ ለብዙ ደቂቃ ትነድዳለች፤ ጥጡ ግን እስኪጨማለቅ መቀባት የለበትም፣ ብልጭታውን የሚቀበል ደረቅ የጥጥ ጭረት ያስፈልጋል።

በብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ ልምምዱን አያድርጉት። የባሌ አስታ ደን በእሳት ደጋግሞ ተጎድቷል።

ጋቢ ይበቃኛል ወይስ ስሊፒንግ ባግ ልግዛ? (አንባቢ፣ ከደሴ)

ጋቢ ጥጥ ነው። ደረቅ ሳለ ይሞቃል፤ ከራሰ ግን በጭረቶቹ መካከል የነበረው አየር በውሃ ተተክቶ ገላን ያቀዘቅዛል። የመንዝ ባና ሱፍ ስለሆነ እርጥብ ሆኖም የተወሰነ ሙቀት ይይዛል፤ ክብደቱ ግን ከባድ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር በስሜንና በባሌው ሳነቴ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ስለሚወርድ ባናው ብቻውን አይበቃም። ለዜሮ ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ምቹ ተብሎ የተመደበ ስሊፒንግ ባግ ከውስጥ፣ ባናው ከላይ ይሁን።

ይሁንና ብዙ ሰው ብርድ የሚያስገባው ከላይ ሳይሆን ከሥር ነው። የተኙበት ልብስ በክብደትዎ ስለሚደፈጠጥ አየር አይዝም፣ መሬቱም ሌሊቱን ሙሉ ሙቀት ይስባል። ሁለት ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ይያዙ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ግማሽ ኪሎ አይሞሉም። መንደር ሲደርሱ ጭድ ገዝተው ይሙሏቸው፤ ሲተኙበት ተጨምቆ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከቀረው ጥሩ ፍራሽ ነው። ጠዋት ጭዱን ለከብት ይሰጡታል።

ሸራውን ዝቅ አድርገው፣ ጀርባውን ለነፋሱ ሰጥተው ይወጥሩ። ሸለቆ ወለል ላይ አይስፈሩ፤ ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ቁልቁል ወርዶ የሚተኛው እዚያ ነው። ከወለሉ ጥቂት አሥር ሜትሮች ከፍ ያለ ተረተር ይሻላል። ያ የሚያብረቀርቅ የአደጋ ጊዜ ብርድ ልብስ ገላን ሲነካ ሙቀት ማንጸባረቁ ይቀራል፤ ላብም ያጠራቅማል። ከባናው በላይ ልል አድርገው ይደርቡት፤ እግር በኩል ክፍት ይተዉት።

ከመተኛትዎ በፊት ውሃ አፍልተው በብረት ጠርሙሱ ይሙሉና በካልሲ ጠቅልለው ታፋዎ መካከል ያኑሩት። ጠዋት የታከመ የመጠጥ ውሃ ይሆናል። ድንጋይ አሙቆ መተኛትም የቆየ ዘዴ ነው፤ ከወንዝ የተለቀመ ድንጋይ ግን በውስጡ ያለው ውሃ እንፋሎት ሲሆን ስለሚፈነዳ ከደረቅ ቦታ ይልቀሙ።

ሽፈራው ውሃ ያጣራል ይባላል። ፊልተር ከመግዛት ያድነኛል? (አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

ያጠራል እንጂ አያክምም። የሽፈራው ፍሬ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ጭቃውን አያይዞ ወደ ታች ያወርዳል፤ ከባክቴሪያውም ብዙው አብሮ ይወርዳል፣ ግን ሁሉም አይደለም፤ የቀረውም ተመልሶ ይራባል። አሠራሩ ይህ ነው፦ ለ1 ሊትር ድፍርስ ውሃ አንድ ፍሬ ልጠው ይውቀጡ፣ በጥቂት ንጹሕ ውሃ በጥብጠው በነጠላ ጨርቅ ያጥልሉ፣ ወደ ድፍርሱ ጨምረው አንድ ደቂቃ በፍጥነት፣ ቀጥሎ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በዝግታ ያማስሉ። ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ሲያርፍ ከላይ ያለውን ብቻ በቀስታ ይቅዱ። ድፍርሱ ከበዛ ፍሬ ይጨምራሉ።

የዚህ ሙያ እውነተኛ ጥቅም ለዘመናዊው ዕቃ መንገድ መጥረጉ ነው። ድፍርስ ውሃ ፊልተር ይደፍናል፤ ክሎሪንንም ጭቃው ይበላዋል። የጠራውን ውሃ ቀጥለው ወይ ያፍሉት፣ ወይ ውሃ አጋር የሚባለውን የክሎሪን ማከሚያ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ጨምረው 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ቀዝቃዛ ውሃ ከሆነ ጊዜውን እጥፍ ያድርጉት። ባለ 0.1 ማይክሮን ፊልተር ባክቴሪያንና ጃርዲያን ይይዛል፣ ቫይረስን ግን ያሳልፋል፤ ክሎሪን ደግሞ ቫይረስን ይገድላል፣ ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለውን ተሕዋሲ ግን አይችለውም። ሁለቱ ሲደጋገፉ ክፍተቱ ይዘጋል። ማፍላት ሁሉንም ይገድላል፦ ከተንፈቀፈቀ በኋላ 1 ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ 3 ደቂቃ፤ ምክንያቱም በ3,600 ሜትር ውሃ የሚፈላው 88 ዲግሪ አካባቢ ነው።

ሐዋሳ ስላሉ ሁለት ነገር እንጨምር። በሐይቁ፣ በዝዋይና በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ፤ የሚገባውም በቆዳ ነው፤ ስለዚህ ውሃ ሲቀዱ አይግቡ። የስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድም በማፍላት፣ በክሎሪንም ሆነ በተራ ፊልተር አይወጣም። ለጥቂት ቀን ጉዞ አያሳስብም፤ ለዘወትር መጠጥ ግን ሌላ ምንጭ ይፈልጉ።

የሰዓቱን አጭር ዘንግ ወደ ፀሐይ አዙሮ ደቡብን የማግኘት ዘዴ ተማርኩ፤ ሰኔ ላይ ስሞክረው ግን ከኮምፓሱ ጋር ጭራሽ አልተገናኘም። ለምን? (አንባቢ፣ ከጎንደር)

ዘዴው የተበጀው ለአውሮፓ ነው። እዚያ ቀትር ላይ ፀሐይ ዘወትር በደቡብ በኩል ናት። በእኛ አገር ግን አናት ላይ ትወጣለች፤ ከዚያም ወደ ሰሜን ታልፋለች። በስሜን ተራሮች ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ፣ በባሌ ደግሞ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን በስተሰሜን ነው። በእነዚህ ወራት «ደቡብ» ብለው የሚሄዱት ወደ ሰሜን ሊሆን ይችላል።

በእኛ አገር የሚሠራው የጥላ ዘዴ ነው። ቀጥ ያለ የ1 ሜትር ዘንግ መሬት ላይ ይትከሉ፤ የጥላውን ጫፍ በጠጠር ምልክት ያድርጉ፤ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቆይተው አዲሱን ጫፍ ይመልክቱ። ከመጀመሪያው ጠጠር ወደ ሁለተኛው የሚሄደው መስመር ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው። ይህ በማንኛውም ወር ይሠራል፤ በሰኔና በታኅሣሥ ግን ጠዋትና ማታ መስመሩ ያዘነብላል፤ ስለዚህ ወደ ቀትር ያድርጉት። የፀሐይ ቀትር ደግሞ በእኛ ሰዓት 6 ሰዓት ላይ ሳይሆን 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ የሰዓት ቀጠናችን የሚለካው ከእኛ በስተምሥራቅ ባለው 45ኛ ዲግሪ ስለሆነ።

የሰሜን ኮከብም በእኛ ዘንድ ዝቅተኛ ነው፤ በስሜን ከአድማስ 13 ዲግሪ፣ በባሌ 7 ዲግሪ ብቻ ከፍ ይላል፤ ተራራና ጭጋግ ይሸፍኑታል። ስለዚህ ኮምፓስ ይያዙ፤ 30 ግራም አይሞላም። ስልክዎ ላይ ካርታ አውርደው፣ ኔትወርኩን ዘግተው፣ ገላዎ አጠገብ ይያዙት፤ ብርድ ባትሪ ይገድላል።

ጥር ላይ ስሜን ልወጣ ከዚህ እመጣለሁ። ምን ይዤ ልሳፈር፣ ምን እዚያ ልግዛ? (አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)

ፊልተር፣ ፌሮ ሮድ፣ የራስ ባትሪና ስሊፒንግ ባግ ይዘው ይምጡ። ቢላው በሚጫነው ሻንጣ ይሁን። ላይተር በሚጫን ሻንጣ አይፈቀድም፤ አንድ ብቻ በኪስ ይያዛል። የጋዝ ቆርቆሮ በየትኛውም ሻንጣ ክልክል ነው፤ ነዳጅ የሸተተ ምድጃም ይወረሳል። የሳተላይት ስልክ ያለ ፈቃድ አያስገቡ።

በስሜን ብሔራዊ ፓርክ ለማገዶ ብሎ እንጨት መቁረጥ ስለማይገባ ትንሽ የአልኮል ምድጃ ይመከራል። እዚህ ሲገዙ የጠርሙሱን ጽሑፍ ያንብቡ፦ 70 በመቶ የሆነው የእጅ ማጽጃ ውሃው ስለሚበዛ አያፈላም፤ ከ95 በመቶ በላይ የሆነውን ይፈልጉ። 1 ሊትር ለማፍላት ነፋስ በሌለበት 40 ሚሊ ሊትር ገደማ ይፈጃል፤ ለብርዱና ለነፋሱ ግማሽ ያህል ይጨምሩ። ነበልባሉ ቀን ላይ አይታይም፤ ስለዚህ ጠፍቷል ብለው በጭራሽ አይሙሉበት፣ ብዙ ቃጠሎ የሚደርሰው እንዲህ ነው። ድንኳን ውስጥም አያቀጣጥሉ።

ባናውን፣ በሶውንና ከረጢቱን ደባርቅ ገበያ ያገኛሉ። አስጎብኚና ስካውት (የታጠቀ የፓርክ ጠባቂ) የሚመደብልዎትም እዚያው ነው፤ የስካውቱን ምግብና የሌሊት ልብስ አስቀድመው ይጠይቁ። ፊልተሩን አንዴ ውሃ ካስነኩት በኋላ ሌሊት ያለ እርስዎ ገላ አያሳድሩት። ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ከሆነ ቀጫጭን ቱቦዎቹን ይሰነጥቃል፤ ከውጭ ምንም አይታይም፣ ውሃውም እንደ ወትሮው ይወርዳል፣ ግን የሚያጣራው ነገር የለም። ብርድ ላይ አድሮ ከነበረ ይጣሉት፣ ውሃውን ያፍሉ።

በረሃብ ጊዜ የማላውቀውን ቅጠል ጥቂት ቀምሼ መሞከር ይቻላል? (አንባቢ፣ ከነቀምት)

አይቻልም። እንዶድ፣ አስተናግር፣ ቅንጭብና ጅብራ ሁሉም መርዝ አላቸው፤ ጥቂቱም ይጎዳል። ለሦስት ቀን ጉዞ ረሃብ አይገድልም፣ ተቅማጥና ትውከት ግን ውሃዎን ጨርሰው ሊገድሉ ይችላሉ። በእርግጠኝነት የሚያውቁትን ብቻ ይብሉ፦ የበሰለ አጋም፣ ቀጋ፣ እንጆሪ፣ ወይም በጓንት ተቀጥፎ የተቀቀለ የሳማ ለጋ ቅጠል። እንጉዳይ ሙሉ በሙሉ ይተዉ።